ከታናሽ ይጀመራል

«ለታማራክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች፣ መምህራንና ሠራተኞች በሙሉ! ለረጅም ዓመታት በቅንነትና በትጋት ሲያገለግለን የኖረው የምግብ አዳራሹ ዳቦ መጥበሻ፣ ባደረበት ድንገተኛ የሽቦ ሕመም በትምህርት ቤቱና በጎረቤት ጠጋኞች ሲረዳ ቆይቶ፣ ትናንት በምሳ ሰዓት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ሟች በሕይወት ዘመኑ ዳቦን በአንድ ጎኑ ብቻ በማሳረር የተመሰገነ ነበር። ሥርዓተ ቀብሩ ዛሬ ከትምህርት በኋላ ከወጥ ቤቱ ጀርባ በሚገኘው የቆሻሻ በርሜል ይፈጸማል። ለወዳጅ ዘመዶቹ መጽናናትን እንመኛለን።»

የጁድ ድምፅ ከጣሪያው ድምፅ ማጉያ ላይ ሲጠፋ የሒሳብ ክፍሉ ጭጭ አለ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ክፍሉ በሳቅ ይፈርስ ነበር። የጠዋቱን ማስታወቂያ የሚያነበው ጁድ ነው፤ ሰው ማሳቅ ደግሞ ሥራው ነው። አሁን ግን እናቱ ዲና ሃልቨርሰን በበረዶ ናዳ ተቀብራ ከሞተች ወር እንኳ አልሞላትም። አብሯት የሞተው ዳቦ ጋጋሪው ቶሺ ኦዳ ነው። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ አንድም ሰው መሳቅ ይፈቀድ አይፈቀድ አያውቅም። አስተማሪው ወደ ሰሌዳው ዞሮ የእኩል ይሆናል ምልክት ጻፈ። ከምልክቱ በስተግራም በስተቀኝም ምንም ሳይጨምር ቆሞ ቀረ።

ማረን ዛይትሶፍ ግን አልቻለችም። ሳቁ ከአፏ ሲከለከል በአፍንጫዋ ወጣ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አያት።

በዕረፍት ሰዓት ጁድ መተላለፊያው ላይ ጠበቃት።

«ማን ሳቀ?»

«እኔ።»

«ብቻሽን?»

«ያውም በአፍንጫዬ።»

«ቀሽሞች! ስንት የለፋሁበትን!» አለ ጁድ። «ርዕሰ መምህርቷ ደግሞ ጠርተውኝ "ስሜትህን እንረዳለን" አሉኝ። የምን ስሜት? ዳቦ መጥበሻው እኮ የእውነት ተበላሽቷል።»

ጁድ ሲያወራ አንድ ቦታ አይቆምም። ድሮም እንዲያ ነው፤ ሰሞኑን ግን ብሶበታል። የቁም ሳጥኑን በር ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ እንደገና ይከፍታል።

«ቅዳሜ አባትሽ ይመጣል አይደል?» አላት ሳያያት።

«እመጣለሁ ብሏል።»

«አንቺስ?»

«እኔም።»

በሩን ዘጋው። «ጎበዝ» አለና ሄደ።

ቅዳሜ ማለት የዲና ቀን ነው። የስኪ ማኅበሩ ሰዎች ተሰብስበው መላጣው ቄስ ወደሚባለው ተራራ ይወጣሉ፤ ቀኝ ትከሻው ላይ ከተቃጠለው የዲና አስከሬን የተረፈውን አመድ ይበትናሉ፤ ከዚያ ሁሉም እግራቸው ላይ ባሰሩት ስኪ በረዶው ላይ ተከታትለው ይንሸራተታሉ። ናዳው የወረደው በግራ ትከሻው ነው። «ቀኙ ሌላ ነው፣ ከግራው ጋር አይገናኝም» እያሉ ሰዎች ለማረን ደጋግመው ነግረዋታል። ጠይቃቸው አታውቅም።

ከተማው መቀመጥ አቅቶታል። የዕቃ መሸጫው ባለቤት ደጁ ላይ በረዶ ኖረም አልኖረም አካፋውን ይዞ ሲፍቅ ይውላል፤ አስፋልቱ እንደ ተላጨ ጉንጭ ሆኗል። ሐዘን ቤት ባዶ እጅ አይኬድምና ሁሉም ቦርሽት የሚባለውን የቀይ ሥርና የጎመን ሾርባ ይሠራል። ጎመኑ አለቀ፣ ክሬሙ አለቀ፣ ሾርባው ግን አላለቀም፤ ሐዘንተኞቹ ማቀዝቀዣቸው ስለሞላ መልሰው ለጎረቤት ያድሉት ጀመር። ጎረቤቱም እንደ አዲስ አሙቆ ሐዘን ቤት ይዞ ይሄዳል። የቶሺ ዳቦ ቤት ተዘግቷል። ሰዉ ግን ጠዋት ጠዋት እግሩ ለምዶ ደጁ ላይ ይሰለፋል፤ ትንሽ ቆሞ ትዝ ሲለው አንገቱን ደፍቶ ይበተናል። በማግስቱም ይሰለፋል።

የማረን አባት ኢላይ ደግሞ ስኪ ሰም ይቀባል።

ናዳው ካገኛቸው ከሦስቱ የተረፈው እሱ ነው። ናዳው ወገቡ ድረስ ቀብሮ ተወው። ራሱን አውጥቶ፣ የተቀበረ ሰው ያለበትን የሚያሳየውን የጠቋሚ መሣሪያ ጩኸት እየተከተለ ሁለቱንም አገኛቸው፤ ሁለቱንም ቆፍሮ አወጣቸው፤ ሁለቱም ጋ ዘገየ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲመለስ ቀጥታ መኪና ማቆሚያው ቤት ይገባና ስኪ ላይ ሰም ያቀልጣል፣ ይፍቃል፣ ይወለውላል። የራሱን ጨረሰ። የማረንን ጨረሰ። የጎረቤቶቹን አስመጥቶ ጨረሰ። ማረን የአራት ዓመት ልጅ ሆና የተማረችበትን፣ ማንኪያ የሚያክለውን ሁሉ ሰም ቀባው። የዚያን ዕለት ማታ ደግሞ የአያቱን የእንጨት ስኪ፣ ከግድግዳ ወርዶ የማያውቀውን ጌጥ፣ አውርዶ ሲወለውል አገኘችው።

«አባዬ፣ ያንን ማን ሊሄድበት ነው?»

«እንጨት ይደርቃል» አለ ኢላይ።

ከጎኑ ቆማ የተፋቀውን ሰም በመጥረጊያ መሰብሰብ ጀመረች። ልትጠይቀው የፈለገችው ሌላ ነገር ነበር።

ታማራክ ውስጥ አንድ የቆየ ደንብ አለ። ምርቃት ሲሆን፣ ስብሰባ ሲሆን፣ ሾርባ ሲቀዳ ሳይቀር ታላቅ ይቀድማል። ተራራ ላይ ግን ከታናሽ ይጀመራል። ተራራ የሚወጡት ሰዎች አደገኛው ቁልቁለት ከመድረሳቸው በፊት የመጨረሻው ሜዳ ላይ ይቆማሉ፤ በዕድሜ ከሁሉም የሚያንሰው ቀድሞ «እሺ» ወይም «አይ» ይላል፤ ከዚያ ቀጣዩ፣ ከዚያ ቀጣዩ። ታላላቆቹ መጨረሻ የሚናገሩት ትንሹ አፋቸውን አይቶ እንዳይናገር ነው። አንድ ሰው «አይ» ካለ ሁሉም ይመለሳል። ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ምክንያት ከተጠየቀ ክርክር ይመጣል፤ በክርክር የሚያሸንፈው ምላስ ያለው ነው፤ በረዶ ደግሞ ምላስ አይሰማም።

ደንቡ ዛሬም አለ። ማንም አልሻረውም። የታማራክ ሰው ያደረገው ቀልድ መጨመር ብቻ ነው። በየመኸሩ በማኅበሩ የራት ግብዣ ላይ፣ ዓመቱን ሙሉ ብዙ ጊዜ «አይ» ላለ ሰው «ወርቃማው የቤት ጫማ» የሚባል ሽልማት ይሰጣል፤ ወርቃማ ቀለም የተነፋበት፣ ውስጡ ጥጥ የሆነ አሮጌ ጫማ። ኢላይ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ወስዶታል። ባለፈው መኸር የሰጠችው ዲና ራሷ ነበረች። «ኢላይ ሆይ፣ ምድጃህ አይጥፋ፣ ድመትህም ከጭንህ አትውረድ!» ስትል አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ኢላይም ከሁሉም በላይ ሳቀ፤ ጫማውን አጥልቆ ጠረጴዛ ዞረ። ቀለሙን የነፉት ማረንና ጁድ ነበሩ።

ከአደጋው በኋላ ያ ጫማ የት እንደገባ ማንም አያውቅም፤ የጠየቀም የለም።

ከሐዘኑ ሥርዓት በኋላ ግን ማኅበሩ ተሰብስቦ ነበር። የጁድ አጎት ግራንት፣ የዲና ታላቅ ወንድምና የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ «ሜዳው ላይ አይ ያለ ሰው ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

«ሦስታችንም እሺ ብለናል» አለ ኢላይ።

ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ማረን ከአባቷ ጀርባ ተቀምጣ ነበርና ማጅራቱ ሲቀላ አየች። ዲናም ቶሺም በዕድሜ ይበልጡታል፤ ከሦስቱ ታናሹ አባቷ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የተናገረው እሱ ነው።

«አባዬ» አለች አሁን፣ መጥረጊያውን ይዛ፣ «ቅዳሜ የግድ ነው?»

«የዲና ነው።»

«ነፋሱ ግን በረዶውን ቁልቁለቱ ላይ እየከመረ…»

«የዛሬው የናዳ ማስታወቂያ አደጋው መካከለኛ ነው ይላል።»

«ማስታወቂያውን ተወው። አንተ ምን ትላለህ?»

ኢላይ የአያቱን ስኪ ወደ መብራቱ አዞረና የብረት ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «እኔማ ይሄ ጠርዝ ዝጓል እላለሁ» አለ።

ዓርብ ከትምህርት በኋላ ጁድን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አገኘችው። እግሩን ለማሞቅ ይመስል ይዘላል፤ ቀኑ ግን ያን ያህል ብርድ አልነበረም።

«አመዱን ሌላ ቦታ ብንበትነውስ?» አለችው። «ሐይቁ ዳር ለምሳሌ።»

«እናቴ ሐይቅ ትጠላለች። ዓሣ ዓሣ ይሸታል ትል ነበር።»

«እሺ በጸደይ ቢሆንስ? በረዶው ሲረጋጋ።»

መዝለሉን አቆመ። «ፈራሽ እንዴ? እንደ አባት…»

አልጨረሰውም።

«እንደ አባቴ ምን?»

«ምንም። ተዪው፣ አቦ።»

«ጨርሰዋ!»

«ምንም አላልኩም እያልኩሽ!» ጁድ በጓንቱ ፊቱን ጠረገ። ቀጥሎ ሲናገር ድምፁ ወርዶ ነበር። «ቤት ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም፣ ማረን። ግራንት ደግሞ እኛ ቤት ከመጣ ጀምሮ ሶፋ ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ አያርፍም፤ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ማንኪያው ሳህን ላይ ይንቀጫቀጫል። ሌሊቱን ሙሉ አንዳችን ተነስተን የሌላውን በር እንከፍታለን። ቅዳሜ ካለፈ ግን እንተኛለን። ገባሽ? ቅዳሜ ብቻ ይለፍ።»

ገብቷታል። ክፋቱ እሱ ነበር፤ በደንብ ገብቷታል።

ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። ሌሊቱን ከምዕራብ ሲነፍስ ያደረው ነፋስ የዛፎቹን አንድ ጎን አራቁቶ ሌላውን ጎን በበረዶ አልብሷቸዋል። መኪና ማቆሚያው ላይ ደርዘን ያህል ሰው ተሰብስቧል። ግራንት የዲናን ቀይ የሱፍ ኮፍያ አድርጎ፣ አንድ በአንድ በፊቱ እያሳለፈ ደረታቸው ላይ የታሰረው ጠቋሚ መሥራቱን ይፈትሻል። ጢው፣ እለፍ። ጢው፣ እለፊ። የከተማው ሁሉ አያት የሆኑት ባባ ፖሊያ በዚያ ዕድሜያቸው ስኪያቸውን ታጥቀው መጥተዋል፤ ቦርሳቸው ውስጥ ደግሞ የትኩስ ሾርባ መያዣ አለ።

«ባባ፣ ተራራ ላይም ቦርሽት?» አለ ግራንት።

«ማቀዝቀዣ ውስጥ ቦታ ጠፋ፣ ልጄ። ተራራ ላይ ካልደፋሁት የት ላድርሰው?»

ሰዉ ሳቀ። ጁድም ሳቀ። አመዱን የያዘውን ቦርሳ ጀርባው ላይ ሳይሆን ደረቱ ላይ ነበር ያዘለው፣ እንደ ሕፃን።

ወደ ኋላ እንዳያንሸራትታቸው ለመውጫ የሚሆነውን ቆዳ ከስኪያቸው ሥር ለጥፈው ተከታትለው ወጡ። ማረን ከፊት ጁድን፣ ከኋላ አባቷን አድርጋ ትሄዳለች። ሌላ ጊዜ አባቷ ሲወጣ አፉ አያርፍም፤ ስለ ወፍ ያወራል፣ ያንጎራጉራል። ዛሬ ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። ከትንፋሹ ጋር ደግሞ ሌላ ድምፅ፤ በየጥቂት እርምጃው የሚመረኮዘውን ዘንግ ገልብጦ በእጀታው በረዶውን ይወጋል። ጥፍ። ትንሽ ይሄዳል። ጥፍ። ላይኛው የበረዶ ድርብ ጠንክሮ ከሥሩ ያለው ከላላ ናዳ ይወርዳል፤ እጁ ያንን ያውቃል። ማረን ከልጅነቷ ጀምሮ ተራራ ማለት ይህ ድምፅ ይመስላት ነበር።

«ኢላይ!» አለ ግራንት ከፊት ዞሮ። «በረዶውን ምን በደለህና ነው የምትወጋው?»

ሰዎቹ ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ የለመዱት ነው።

ድምፁ ቆመ። ማረን ጆሮዋን ወደ ኋላ አድርጋ ጠበቀች። ትንፋሽ፤ እርምጃ፤ ትንፋሽ። ዘንጉ ግን ተመልሶ አልተገለበጠም።

የመጨረሻው ሜዳ ላይ ሲደርሱ ክብ ሠርተው ቆሙ። ቀኝ ትከሻው ከበላያቸው ለስላሳ፣ ነጭ፣ አንድም ዱካ ያላረፈበት ሆኖ ተንጋሏል። እንዲያ ያለ ቁልቁለት ሲያይ የታማራክ ሰው ሌላ ጊዜ ያፏጫል።

«እንግዲህ» አለ ግራንት፣ ኮፍያውን እያስተካከለ፣ «ደንቡ ደንብ ነው። ግን ዛሬ ለምን እንደመጣን ሁላችንም እናውቃለን፤ መጠየቁም እንዲያው ለወጉ ያህል ነው። እኔ ለእህቴ ስል እሺ ብያለሁ።»

«ግራንት፣ ከታናሽ ነው የሚጀመረው» አሉ ባባ ፖሊያ።

«አዎ፣ አዎ። ጁድ?»

«እሺ» አለ ጁድ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

ከሱ ቀጥሎ ታናሿ ማረን ናት። ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ክፋት የለም፤ የደከመ፣ የቸኮለ፣ ይለፍልን የሚል ፊት ነው። ማረን ግን አባቷን አየች። ኢላይ የቀኝ ጓንቱን አወለቀ። መልሶ አጠለቀው። እንደገና አወለቀው። ወደ ቁልቁለቱ አያይም፤ የሚያየው የስኪውን ጫፍ ነው። ከንፈሩ ቃሉን ከአሁኑ እያዘጋጀ ነበር፤ ተራው ሲደርስ የሚለውን አወቀችው። እንደ ናዳው ቀን እሺ ሊል ነው።

ቀኝ ትከሻው ምንም ላይሆን ይችላል። ፀሐይዋ ታምራለች፤ ማስታወቂያው ዛሬም መካከለኛ ነው ያለው። ከማረን የሚጠበቀው አንዲት ትንሽ ቃል ናት። ከዚያ ጁድ እናቱን ያሰናብታል፤ ማታ ይተኛል፤ ሰኞ ጠዋት ስለ አንድ የተሰበረ ወንበር የሐዘን መግለጫ ያነባል፤ እሷም ትስቃለች።

«አይ» አለች።

ነፋሱ እንኳ ያኔ ነው የተሰማው።

«አይ ማለት?» አለ ግራንት በፈገግታ፣ ያልሰማ ይመስል።

«አይ።»

«ደንግጣ ነው፣ ልጅ ናት» አለ አንዱ ከወዲያ።

«የኔ ልጅ» አለ ግራንት፣ ፈገግታው እየሳሳ፣ «ያየሽው ነገር ካለ ንገሪን። ስንጥቅ አየሽ? ምክንያት ካለሽ እንሰማሻለን። እንዲያው በባዶው ግን…»

ማረን ዘንጎቿን በረዶው ውስጥ ተከለች። 

መጀመሪያ የተንቀሳቀሱት ባባ ፖሊያ ናቸው። ጎንበስ ብለው ቆዳውን ከስኪያቸው ሥር ይልጡ ጀመር። «ዲና የትም አትሄድ» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «ተራራውም እንደዚያው።» ቀጥሎ አንድ ሰው በረዥሙ ተነፈሰና ዞረ። ቀጥሎ ሌላ። አባቷ ጓንቱን አጠለቀ፤ ማሰሪያውን አጠበቀ፤ ዞረ። እሷ ወደ እሱ ላለማየት ተጠነቀቀች። ግራንት ለረጅም ጊዜ ወደ ላይ ሲያይ ቆየ። በመጨረሻ ቀዩን ኮፍያ አውልቆ ኪሱ ውስጥ ከተተና ራቁት ራሱን ይዞ ከሰዎቹ ኋላ ወረደ።

ሜዳው ላይ ጁድና ማረን ቀሩ። ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ዛፎቹ የሚጀምሩበት ጋ፣ አባቷ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆሞ ይጠብቃታል።

ጁድ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ ባለው ቦርሳ ላይ አድርጓል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውነቱ አይንቀሳቀስም።

«የእናቴ እኮ ነው፣ ማረን።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምክንያቱን ንገሪኝ። ለእነሱ አትንገሪ፤ ለእኔ ብቻ። ነፋሱ ነው?»

ነፋሱ ነው ማለት ትችል ነበር። ውሸት አይሆንም ነበር። ሰዉም ማታ ሾርባውን እየጠጣ፣ ነፋሱ በቂ ነበር ወይስ አልነበረም እያለ ይከራከር ነበር፤ ከዚያም በሚቀጥለው ጊዜ አይ የሚል ሰው በቂ ነፋስ ይዞ መምጣት ይኖርበታል።

«ድምፅ ሰማሽ? ሲሰነጠቅ ሰማሽ?»

ማረን ዘንጎቿን ከበረዶው ነቀለች።

ጁድ ወደ ዛፎቹ አየ፤ ከዚያ ወደ እሷ። ዓይኑ ቀልቷል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በሹክሹክታ ማለት ይቻላል፣ «አባትሽ ነው?» አላት።

ኢላይ አልዞረም። በዚያ ርቀት ይስማ አይስማ ማወቅ አይቻልም።

ማረን ጎንበስ ብላ ከቀኝ ስኪዋ ሥር ቆዳውን ላጠች፤ አጥፋ ጃኬቷ ውስጥ ከተተችው። ከግራውም ላጠች። ቀና ስትል ጁድ ገና እየጠበቃት ነበር።

«አልነግርህም» አለችው።